በዓናቶት የተገዛ መሬት

ለእግዚአብሔር ታምኖ ስለ መጠበቅ የሚጽፉና የሚሰብኩ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠሩት አብርሃምን ነው፤ ቢጠሩትም ይገባዋል፤ በ75 ዓመቱ ከካራን ወጥቶ በ100 ዓመቱ ይስሐቅን የታቀፈ አባት፣ በመካከሉ በአጋር በኩል አቋራጭ የፈለገበት ዘመን ቢኖርም፣ በመጨረሻ የተስፋውን ልጅ በዓይኑ አይቶ፣ ጡት ባስጣለበት ቀን ታላቅ ግብዣ አድርጎ፣ የሰማውን ቃል ከተፈጸመው ነገር ጋር አስተያይቶ ለማረፍ በቅቷልና። ይሁን እንጂ ይህ ታሪክ ለሰባኪ የሚመቸውን ያህል ለሚጠብቅ ሰው ሁሉ የሚበቃ አይመስለኝም። አብርሃም ራሱ እንኳ ልጁን ቢያገኝ፣ ምድሪቱን በተመለከተ ከኬጢያዊው ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር ከገዛው የመቃብር ዋሻና ከእርሻው በቀር ርስት አልነበረውም፤ ይህን ሰባኪዎቻችን ቶሎ ያልፉታል። ከሚጠብቁት ሰዎች የሚበዙት የጠበቁትን ሳያዩ ይሞታሉ፤ ከእነርሱም መካከል ተስፋው ገና ሲነገራቸው ከዕድሜያቸው ልክ አልፎ የተነገራቸው አሉ። እንዲህ ያለውን ተስፋ የሰማ ሰው ለማን ብሎ፣ በምንስ ጉልበት ይታመናል? ስለዚህ ጥያቄ ከኤርምያስ ይልቅ የሚናገር ነቢይ አላውቅም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 ዓመት የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን አስጨንቆ ወጣቱን ንጉሥ ኢኮንያንን ከእናቱ፣ ከመሳፍንቱ፣ ከጠራቢዎቹና ከብረት ሠሪዎቹ ጋር ማርኮ ወሰደ፤ በስፍራውም ሴዴቅያስን አነገሠ። ከተማይቱ ገና እንደ ቆመች ነበረች፤ ቤተ መቅደሱም ገና አልተቃጠለም፤ ስለዚህ የተማረኩትም ሆኑ የቀሩት ቅጣቱ የአጭር ጊዜ ነው ብለው ለማመን ምክንያት ነበራቸው። በዚህ ጊዜ ኤርምያስ በሳፋን ልጅ በኤልዓሣና በኬልቅያስ ልጅ በገማርያ እጅ ለምርኮኞቹ አንድ ደብዳቤ ላከ። ቤት ሠርተው እንዲቀመጡበት፣ አትክልት ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ፣ አግብተው እንዲወልዱ፣ ለወንዶች ልጆቻቸው ሚስት እንዲያጩና ሴቶች ልጆቻቸውን እንዲድሩ፣ ከሁሉም በላይ የሚከብደውን፣ ማርካ ስለ ወሰደቻቸው ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዛቸው፤ 70 ዓመት በተፈጸመ ጊዜ እግዚአብሔር እንደሚጎበኛቸውና ወደ ስፍራቸው እንደሚመልሳቸው የነገራቸው ከዚህ ሁሉ ትእዛዝ በኋላ ነው።

የ30 ዓመት ጎልማሳ ይህን ደብዳቤ ሲነበብ ሰምቶ በጣቱ ቢቆጥር 100 ላይ ይደርሳል። ሊቃውንት የ70ውን ዓመት መነሻና መድረሻ ሲቆጥሩ ይለያያሉ፤ ከባቢሎን መንግሥት መጽናት ጀምሮ እስከ መፍረሱ ያለውን በደምሳሳው የሚይዙ አሉ፤ ቤተ መቅደሱ ከተቃጠለበት ከ586 አንሥቶ እንደ ገና ተሠርቶ እስከ ተፈጸመበት እስከ 516 የሚቆጥሩም አሉ። ለዚያ ጎልማሳ ግን የሊቃውንቱ ክርክር ምንም አይፈይድለትም፤ በየትኛውም አቆጣጠር እርሱ አይመለስም። ተስፋው ሐሰት ነው እንዳይል የተናገረው እግዚአብሔር ነው፤ ተስፋው የእኔ ነው እንዳይል ዕድሜው አይደርስም። ደብዳቤውን ደግመን ብንመረምረው ግን የተስፋው ተቀባይ ማን እንደ ሆነ በትእዛዙ ውስጥ አስቀድሞ ተነግሮ እናገኘዋለን፤ የልጆች ጋብቻ ከቤት ሥራና ከአትክልት ተከላ ጋር በአንድ ረድፍ መታዘዙ፣ የሚመለሰው ወገን ገና ያልተወለደው ስለ ሆነ ነው። ምርኮኛው የሚታመንበት ሥራ በዓይኑ ፊት ተቀመጠለት፤ የሚታመንበት ፍሬ ግን ከእርሱ ተወስዶ ለማያውቀው ሰው ተሰጠ።

ይህ ቃል መራራ ነውና የጣፈጠ ቃል የያዘ ሰው ወዲያው ተነሣ። የገባዖኑ ሰው የዓዙር ልጅ ሐናንያ በሴዴቅያስ በ4ኛው ዓመት በ5ኛው ወር በቤተ መቅደሱ ውስጥ፣ ካህናትና ሕዝብ በተሰበሰቡበት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የተዘረፈው ንዋየ ቅድሳት፣ ንጉሡ ኢኮንያንና ምርኮኞቹ ሁሉ እንደሚመለሱ ተነበየ፤ ኤርምያስ ለምልክት በአንገቱ ያሠረውንም የእንጨት ቀንበር ወስዶ ሰበረው። የኤርምያስ መልስ የሚያስደንቅ ነው፤ አሜን አለ፤ እግዚአብሔር እንዳልህ ያድርግ ብሎ መረቀው። ይህን አሜን እንደ ሽሙጥ የሚተረጉሙት አሉ፤ እኔ ግን ከልቡ ያለው ይመስለኛል። ነቢዩ የመከራ ናፋቂ አልነበረም፤ ሐናንያ የተናገረውን ከማንም ይልቅ ይመኘው ነበር፤ ምኞቱ ግን ቃሉ አልነበረም። የጥንት ነቢያት የተናገሩትን አሳስቦ፣ የሰላም ትንቢት የሚታወቀው ሲፈጸም ብቻ ነው ብሎ፣ በዚያን ሰዓት ከራሱ የሚጨምረው ቃል ስላልነበረው መንገዱን ሄደ። ኋላ ሲመለስ የእንጨቱ ቀንበር በብረት መለወጡን ተናገረ፤ ሐናንያም በዚያው ዓመት በ7ኛው ወር ሞተ።

የሐናንያ በደል ክፉ ነገር ተስፋ ማስደረጉ አይደለም። የሰበከው ኤርምያስ የሰበከውን ያንኑ መመለስ ነበር፤ የቀነሰው ግን ጊዜውን ነው። ሁለት ዓመት ማንም የሚችለው ትዕግሥት ነው። ሁለት ዓመት የሰማ ሰው ግን ቤት አይሠራም፣ ወይን አይተክልም፣ ልጁን አይድርም፤ ዕቃውን እንዳሰረ ይቀመጣል። በባዕድ አገር 20 እና 30 ዓመት ኖሮ በየዓመቱ የሚመጣው ዓመት እገባለሁ እያለ በእንግድነት መንፈስ የሚያረጅ ወገናችን ይህን ይረዳዋል። ሁለቱ ዓመት ሲያልፍ ደግሞ የሚሞተው የሐናንያ ስም ብቻ አይደለም፤ በስሙ የተነገረበት እግዚአብሔርም በሰሚው ልብ ውስጥ ሐሳዊ ይሆናል። በየአዳራሹ ቆመው ለታመመው የሚድንበትን ሳምንት፣ ለስደተኛው ወረቀት የሚያገኝበትን ወር እየቆረጡ የሚሰጡ ሰዎች በሐናንያ ወንበር ላይ እንደ ተቀመጡ ቢያውቁ ምንኛ በጎ ነበር። ከባቢሎንም ሸማያ የተባለ ሰው ዘመኑ ረጅም ነው ብሎ የጻፈውን ይህን እብድ ስለ ምን አልገሠጻችሁትም ብሎ ወደ ኢየሩሳሌም ካህናት ክስ ልኮ እንደ ነበር ተጽፏል፤ ረጅም ዘመን መናገር በዚያም ጊዜ እንደ ወንጀል ይቆጠር ነበር ማለት ነው።

አሁን ስለ መሬቱ ልናገር፤ የነገሩ ልብ በዚያ ነውና። ሴዴቅያስ በነገሠ በ10ኛው ዓመት የባቢሎን ሠራዊት ኢየሩሳሌምን ዙሪያዋን ከቦ የአፈር ድልድል እየደለደለ ነበር፤ ረሃብም በከተማይቱ ገብቷል፤ ኤርምያስ ከተማይቱ ትያዛለች ብሎ በመናገሩ በንጉሡ ቤት ባለው በዘበኞቹ አደባባይ ታስሯል። በዚህ ሰዓት የአጎቱ የሰሎም ልጅ አናምኤል መጥቶ በዓናቶት ያለውን እርሻዬን ግዛኝ፣ የመቤዠት መብቱ የአንተ ነው አለው። ዓናቶት ከኢየሩሳሌም በስተ ሰሜን ምሥራቅ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ በብንያም ዕጣ ያለች የካህናት ከተማ ናት፤ እንግዲህ ለሽያጭ የቀረበው መሬት ከከበባው መስመር ውጭ፣ ጠላት በሰፈረበት አገር ያለ ነው። አናምኤል በመጽሐፍ ከዚህ በቀር ስለማይጠራ ሰውዬውን ልናማው አይገባም፤ ቢሆንም ከእጁ የወጣ መሬት በጨበጣ ብር ለመለወጥ ወደ እስረኛ ዘመዱ የመጣ ሰው ገበያ አያውቅም ለማለት ይከብዳል።

ኤርምያስ ገዛ። 17 ሰቅል ብር፣ ማለት ሁለት መቶ ግራም የማይሞላ ብር፣ በሚዛን መዘነለት፤ የውሉን ጽሕፈት ፈረመ፣ አተመ፣ ምስክሮችን አቆመ፤ የታተመውንና የተከፈተውን ሁለቱንም ቅጂ ለጸሐፊው ለኔርያ ልጅ ለባሮክ ሰጥቶ፣ ብዙ ዘመን እንዲጠበቁ በሸክላ ዕቃ ውስጥ እንዲያኖራቸው በሰዎቹ ሁሉ ፊት አዘዘው። ትንቢቱ ቤትና እርሻ፣ የወይን ቦታም በዚህች ምድር እንደ ገና ይገዛል የሚል ነበርና፣ የመጀመሪያው ገዢ ተናጋሪው ራሱ ሆነ። እስከዚህ ድረስ ያለውን ብዙዎች ይተርኩታል። የሚያስደንቀው ግን ገዢው ማን እንደ ሆነ ስናስብ ነው። የዓናቶት ሰዎች፣ የገዛ አገሩ ልጆች፣ በእግዚአብሔር ስም ትንቢት አትናገር ብለው ነፍሱን ይፈልጉ የነበሩ ናቸው፤ ስለዚህ የገዛው መሬት የአሳዳጆቹ ጎረቤት ነበር። ከዚህም ሌላ፣ እግዚአብሔር ገና ቀድሞ ሚስት እንዳያገባ፣ ወንድና ሴት ልጆችም እንዳይኖሩት ከልክሎት ነበር። እንግዲህ ምርኮኞቹን አግቡና ውለዱ ብሎ የጻፈው ሰው ያላገባና ያልወለደ ነው፤ ለብዙ ዘመን የሚጠበቀውን የርስት ውል በሸክላ ያኖረው ሰው ወራሽ የለውም። የሚያርሰው እርሱ አይደለም፣ የሚያርስለትም ልጅ የለም። ስለ እርሱ የሚገባው ዘር በሌለበት፣ በእርሱም ዕድሜ በማይደርስ ተስፋ ላይ ብሩን መዝኖ ከፈለ።

ከግዢው በኋላ የሆነውን ደግሞ አስተውሉ። ኤርምያስ ውሉን ለባሮክ ከሰጠ በኋላ ጸለየ፤ ሰማይንና ምድርን ለፈጠረው የሚሳነው ነገር እንደሌለ መስክሮ፣ ከግብፅ መውጣትን አስታውሶ፣ በመጨረሻ ወደ ልቡ ጉዳይ ደረሰ፤ የአፈሩ ድልድል እነሆ ይታያል፣ ከተማይቱ በከለዳውያን እጅ ተሰጥታለች፣ አንተ ግን እርሻ ግዛ አልኸኝ አለ። መታዘዙ ቀደመ፣ መጠየቁ ተከተለ። ይህ ቅደም ተከተል ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ይመስለኛል። እምነት አይጠይቅም የሚሉ መምህራን አሉ፤ ጥያቄው ካልተፈታ አልታዘዝም የሚሉ ሊቃውንትም አሉ፤ ነቢዩ ግን ብሩን ሳይከፍል አልተከራከረም፣ ከከፈለ በኋላም የከበደውን ነገር በልቡ ሸሽጎ የረካ አልመሰለም። መታመን ማለት የሐሳብ ጸጥታ ቢሆን ኖሮ ኤርምያስን ከታመኑት ወገን ልንቆጥረው ባልቻልን ነበር፤ ከነቢያት ሁሉ የተወለደበትን ቀን የረገመ እርሱ ነውና። ጽናቱ የሚታየው በመንፈሱ አለመናወጥ አይደለም፤ እየተናወጠ ባደረገው ነገር ነው።

በዓናቶት አላረሰም። ኢየሩሳሌም ከተቃጠለች በኋላ የቀሩት ወገኖች፣ በምድሪቱ ተቀመጡ ብሎ እየመከራቸው፣ እርሱንም ባሮክንም ይዘው ወደ ግብፅ፣ ወደ ጣፍናስ ወረዱ፤ ታሪኩም በመጽሐፉ እዚያው ይቀራል። ዕዝራ ከምርኮ የተመለሱትን ወገኖች በየከተማቸው ሲዘረዝር ግን ከብዙ ስሞች መካከል አንባቢ ሁሉ የሚዘልላት አንዲት መስመር አለች፤ የዓናቶት ሰዎች 128 ይላል። ነህምያም ያንኑ ቁጥር ይደግመዋል። ኤርምያስን ሊገድሉ የፈለጉት ሰዎች የልጅ ልጆች ሳይሆኑ አይቀሩም። ከእነርሱ መካከል የሸክላውን ዕቃ ያገኘ ይኑር አይኑር መጽሐፍ አይናገርም፤ ለማወቅ መጓጓታችንም፣ ነቢዩ ያላየውን ደረሰኝ በእርሱ ፋንታ እኛ ለማየት መፈለጋችን ነው።

በዚሁ ዘመን ከኤርምያስ አጠገብ የቆመ አንድ የአገራችን ስም የተጠራበት ሰው አለ፤ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። መኳንንቱ ነቢዩን ውኃ በሌለበት ጭቃ በሞላበት ጉድጓድ በጣሉት ጊዜ፣ ንጉሡን ለምኖ 30 ሰዎች ይዞ ሄዶ፣ ገመዱ ብብቱን እንዳይቆርጠው አሮጌ ጨርቅና እላቂ ልብስ ወርውሮለት ያወጣው እርሱ ነው። የጨርቁን ነገር መጽሐፍ ሳይንቅ መጻፉ ደስ ያሰኛል፤ ብዙ ሰው ለማዳን ሲቸኩል የሚድነውን ሰው ብብት አያስብምና። ስለዚህ ምሕረቱ እግዚአብሔር ከተማይቱ ስትጠፋ ነፍሱን እንደሚያድንለት ቃል ገባለት። ያ ቃል እንዴት እንደ ተፈጸመ ቤተ ክርስቲያናችን በምትቀበለው በተረፈ ባሮክ ተጽፏል፤ ኤርምያስ ለሕሙማን በለስ እንዲያመጣ ላከው፤ አቤሜሌክም በለሱን ለቅሞ ከፀሐይ ሙቀት የተነሣ በዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ልረፍ ብሎ ተኛ፤ 66 ዓመትም ሳይነቃ ቆየ። ሲነቃ በቅርጫቱ ያለው በለስ ወተቱ ገና እየተንጠባጠበ ነበር፤ ራሱ ስለ ከበደው ብቻ እንቅልፍ አልጠገብኩም ብሎ አሰበ።

ሊቃውንት ይህን የትንሣኤ ምሳሌ አድርገው ሲያስተምሩ በጎ ያስተምራሉ። ለእኔ ግን ሌላ ነገርም ይታየኛል። መጠበቅ የደከመው ሰው ሁሉ በልቡ የሚመኘው የአቤሜሌክን እንቅልፍ ነው፤ መራራው ዘመን በላይ በላዩ አልፎ፣ በለሱ ሳይጠወልግ፣ ተስፋው ደጃፍ ላይ ሲደርስ መንቃትን ነው። ለአቤሜሌክ ይህ ዋጋው ነበር፤ ማንም አይነፍገውም። ሆኖም ያው መጽሐፍ የነቃበትን ቀን ሲተርክ የእንቅልፉን ሌላ ገጽ አልደበቀም፤ ወደ ከተማው ገብቶ ቤቱንና ሰፈሩን አላወቀም፣ ከዘመዶቹ አንድ ሰው አላገኘም፣ መንገድ የሳተ መስሎት ወጥቶ እንደ ገና ምልክቱን ተመለከተ፣ በመጨረሻም የሆነውን ሁሉ ከአንድ የማያውቀው ሽማግሌ ጠይቆ ተረዳ። ሽማግሌው በዚያ ዘመን ውስጥ ነቅቶ ያረጀ ነው። ስለ ሽማግሌው መጽሐፉ ብዙ አይልም፤ ስሙንም አይነግረንም። እኔ ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ ከአቤሜሌክ ይልቅ ወደዚህ ሰው ልቤ ያደላል፤ ለአንዱ ከተሰጠው ተአምር ይልቅ ለብዙዎች የታዘዘው ነቅቶ ማርጀት ነውና፣ ተኝቶ የነቃውም ያለ እርሱ የት እንዳለ ባላወቀ ነበር።

እንግዲህ የኤርምያስን ደብዳቤ ታዝዘው በባቢሎን የተከሉት ምን ሆኑ? በዘመናችን በዚያ አገር የተገኙ የሸክላ ጽላት የይሁዳ ከተማ የተባለ መንደር እንደ ነበረ፣ የእስራኤልን አምላክ ስም በስማቸው የያዙ ሰዎች መሬት እየያዙ ግብር ሲከፍሉ፣ ሲበደሩና ሲያበድሩ፣ ርስት ሲካፈሉ እንደ ኖሩ ይመሰክራሉ። የጥንቱ ጽላት ከ572 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ነው፤ የኋለኛው ወደ 477 ይደርሳል፤ ይኸውም የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ተመለሱ ብሎ ካወጀ ከ60 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዕዝራ የተመለሰውን ጉባኤ 42,360 ይለዋል፤ ያልተመለሰው ግን ብዙ ነበር። የተከሉት አትክልት ሥር ሰደደ፣ የሰደደውም ሥር የተካዩን ልብ ይዞ ቀረ። ስለዚህ ደብዳቤው በሁለት በኩል የተሳለ ነው፤ ያልተከለ ሰው በሐናንያ ተስፋ ይደርቃል፤ የተከለ ሰው ለምን እንደ ተከለ ሊረሳ ይችላል። ይህን ሁለተኛውን አደጋ ሳስብ ዳንኤል ትዝ ይለኛል። ዳንኤል ከወጣትነቱ እስከ እርጅናው በባቢሎን ቤተ መንግሥት ያገለገለ፣ ለማረከው ንጉሥ በቅንነት የመከረ፣ የከተማይቱን ሰላም በሥራው የፈለገ ሰው ነው፤ መኖሪያው በባቢሎን ነበር፤ የሰገነቱ መስኮት ግን ወደ ኢየሩሳሌም የተከፈተ ነበር፤ በየቀኑም ሦስት ጊዜ በዚያ መስኮት በጉልበቱ ተንበርክኮ ይጸልይ ነበር። ባረጀም ጊዜ የኤርምያስን መጽሐፍ አንብቦ የ70ው ዓመት ፍጻሜ መቅረቡን ሲያስተውል፣ እኛ እንደምንገምተው እልል አላለም፤ ማቅ ለብሶ አመድ ነስንሶ ጾመ፣ የሕዝቡንም ኃጢአት ተናዘዘ። ቀኑ በቀረበ ጊዜ የፈራው ቀኑ አይመጣም ብሎ አልነበረም፤ ቀኑ ሲመጣ የሚያገኘን እንዴት ሆነን ነው ብሎ ይመስለኛል።

በአገራችን ለዚህ ነገር ከመጽሐፍ ውጭ ምስክር መፈለግ አያሻም፤ ቤተ እስራኤል አሉና። በጎንደር አውራጃዎችና በዙሪያው፣ ከአስተስርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን፣ ቄሶቻቸው ኦሪትን ተሸክመው፣ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ እየጾመ ተራራ ይወጡ ነበር፤ ስግድ ይባላል። ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው የሕጉን ቃልና የነህምያን መጽሐፍ ይሰማሉ፣ ይናዘዛሉ፣ ይሰግዳሉ፤ ከቀትር በኋላ ወርደው ይበላሉ፣ ይዘምራሉ። ከዚያ በኋላ ወደ እርሻቸው፣ ወደ ሸክላ ሥራቸው፣ ወደ ወናፋቸው ይመለሳሉ። ይህን ያደረጉት ለአንድ ትውልድ ወይም ለሁለት አይደለም። በ1862 እ.ኤ.አ. አባ ማሃሪ የተባሉ መነኩሴ ዘመኑ ደርሷል ብለው ብዙ ሕዝብ አስከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ተነሡ፤ እንደ ሙሴ ዘመን ባሕሩ ይከፈልልናል ብለው እንደ ነበር ይተረካል፤ ነገር ግን ከትግራይ ሳያልፉ ረሃብና በሽታ ፈጃቸው፣ የተረፉትም ተበተኑ። አባ ማሃሪን ከሐናንያ ጋር አንድ ወገን የሚያደርጋቸው ቢኖር አልስማማም። ሐናንያ ያሳጠረውን ዘመን ሌላው እንዲያምንበት ሰጠ፤ እርሳቸው ግን ራሳቸው በእግራቸው ከፊት ሄዱበት። ጊዜን መሳት አንድ ነገር ነው፤ በሰው ተስፋ መነገድ ሌላ ነው።

ከዚያ በኋላ 120 ዓመት ያህል ተራራ መውጣቱ ቀጠለ። በ1984 እና በ1985 እ.ኤ.አ. በሱዳን በኩል ወደ 8,000 የሚጠጉ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በመንገድና በሱዳን መጠለያ በሺህ የሚቆጠሩ ሞቱ። በግንቦት 1991 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ተጓዙ። ከደረሱት መካከል ሱዳን ላይ ልጁን የቀበረ አባት ነበረ፤ የጠበቀው ትውልድና የደረሰው ትውልድ በአንድ ቤት ውስጥ ተገናኙበት፤ በቤተ መቅደሱ መሠረት መጣል ቀን የፊተኛውን ቤት ያዩ ሽማግሌዎች በታላቅ ድምፅ ሲያለቅሱ ጎበዛዝቱ በደስታ እንደ ጮኹ፣ ሕዝቡም የልቅሶውን ድምፅ ከእልልታው ለይቶ ማወቅ እንዳልቻለ ዕዝራ የጻፈው እንደዚህ ያለውን ቀን ነው። የደረሱባት ከተማም በሐሳብ እንደ ነበረችው አልሆነችም፤ በ1985 አይሁድነታቸው በሥርዓት እንዲታደስ በተጠየቀ ጊዜ፣ በትውልድ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም መልሰው የሰገዱ ሰዎች በዚያችው ከተማ አደባባይ ለተቃውሞ ተቀመጡ።

ስግድ ግን አልቀረም፤ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ሆኗል። ኢየሩሳሌም የገባ ሰው ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ስለ ምን ይጾማል የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ መነሣቱም አግባብ ነው። በእኛም ዘንድ ይኸው ጥያቄ ሊነሣ ይችል ነበር፤ ከኅዳር 15 ቀን እስከ ልደት ዋዜማ የምንጾመው ጾመ ነቢያት፣ የክርስቶስን መምጣት ተስፋ አድርገው ሳያዩ ያለፉት ነቢያት የጾሙት ነው፤ የጠበቁት ከመጣ በኋላ እኛ በየዓመቱ ገና እንዳልመጣ ሆነን አብረናቸው እንጾማለን። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይሰጣል። እኔ የምወደው ምክንያት፣ ተቀባዩ የጠባቂውን ረሃብ ካልቀመሰ የተቀበለውን የራሱ ገንዘብ አድርጎ ይቆጥረዋል የሚለውን ነው።

ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድመው በግልጥ የጠየቁት ግን የቤቴል ሰዎች ናቸው። በንጉሡ በዳርዮስ በ4ኛው ዓመት መልእክተኞች ወደ ኢየሩሳሌም ልከው፣ ስለ ቤተ መቅደሱ መቃጠል በ5ኛው ወር እስከ አሁን ስናደርግ እንደ ኖርነው እናልቅስን፣ እንጹምን ብለው ካህናቱንና ነቢያቱን ጠየቁ። ሰባው ዓመት መሙላቱ ነበር፣ ሕንጻውም እየተነሣ ነበር፤ ጠያቂዎቹ አዎ ወይም አይደለም የሚል ቃል ይዘው ሊመለሱ መጥተው ነበር። የእግዚአብሔር ቃል በዘካርያስ የመጣው በሌላ ጥያቄ ነው፤ በእነዚህ 70 ዓመታት የጾማችሁት በውኑ ለእኔ ነበርን ብሎ ጠየቃቸው፤ ከዚያም በእውነት ፍረዱ፣ መበለቲቱንና ድሀ አደጉን፣ መጻተኛውንና ድሀውን አታስጨንቁ የሚለውን፣ አባቶቻቸው ሳይማረኩ በፊት አልሰማም ያሉትን ትእዛዝ አደሰላቸው። ጾሙ አንድ ቀን ደስታና በዓል እንደሚሆን ኋላ ተነገራቸው፤ አሁን እንተወው ወይ ለሚለው ግን ቁርጥ መልስ አልተሰጣቸውም፤ መልእክተኞቹም ቤቴል ደርሰው ለላኳቸው ሰዎች ምን እንዳሉ አልተጻፈም። ያን ጊዜ ቤተ መቅደሱ ሊፈጸም ገና ሁለት ዓመት ያህል ቀርቶት ነበር።